ለሊዮኖራ የተሠራው ኩሽና

አርክቴክት ኤውሴቢዮ ናፑላን ከአባታቸው ከድንጋይ ጠራቢው ከአቶ ፋውስቲኖ ናፑላንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሪዳድ ፋኡላን፣ በኢሎኢሎ አውራጃ በሚያጋኦ ከተማ እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1948 ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው፤ ይህን የጻፍኩት እኔ ታናሽ እህታቸው ኮንሶላሲዮን ነኝ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው፣ በ1970 ማኒላ ካለ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ሕንፃ ተመረቁ። ኢሎኢሎ ተመልሰው ቢሮ ሲከፍቱ ስማቸውን ያስጠራው ኩሽና ነው። የወንዝ ድንጋይ ሳይወለወል፣ ከነሸካራነቱ የማብሰያው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩና ጎኑን እንደ መስተዋት ፊት በሚያሳይ ብረት ይለብጡት ነበር። ደንበኞች ድንጋዩ ዘይትና ወጥ እንዳይመጥ ቅባት እንዲቀባላቸው ሲለምኗቸው፣ “ብረቱን ወልውሉ፤ ድንጋዩን ግን ተዉት፣ ይጠጣ። የቤታችሁን ወጥ ካልቀመሰ ምኑን የእናንተ ሆነ?” ይሉ ነበር። ሀብታሙ ሁሉ ይህን ሰምቶ እሺ አለ።

በ1975 ከወይዘሮ ሊዮኖራ ሞንቴክላሮ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ሦስት ልጆች አፈሩ። ሊዮኖራ አብሮ አደጌ ስለሆነች ለእሷ አንቱታው አይመጣልኝም። እንደ አገራችን ሴቶች ሁሉ የምታበስለው ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር። ወንድሜን ይህ ያንገበግባቸው ነበርና፣ ከጭሱ አውጥተው ከእንግዳ እኩል ሊያስቀምጧት በ1991 ከሠሩት ሁሉ የበለጠውን ኩሽና ሠሩላት።

በተመረቀበት ቀን ሊዮኖራ ደረቅ ዓሣ ጠበሰች። ዘይቱ ድንጋዩ ላይ ተረጨ። ለሰው ሁሉ “ተዉት” ሲሉ የኖሩት ወንድሜ ብርጭቆ ወረቀት አምጥተው በእንግዳ ፊት ይፈገፍጉ ጀመር። እሷም መጥበሻዋን አንስታ፣ “በል አንተ ከድንጋይህ ጋር ብላ፤ እኔ ዓሣዬን የማይጸየፍ ቦታ አለኝ” ብላ በጓሮ በር ወጣች።

አልተመለሰችም። ኩሽናው በመጽሔት ወጣ፣ ሽልማትም አገኘ። ወንድሜ ከእንግዶቻቸው ጋር እዚያ ሲበሉ፣ እሷ ሳህኑን በልጆች እየላከች ጓሮ ትበላ ነበር። ይቅርታ መጠየቅ እንደሚገባቸው ያውቁ ነበር። ግን ግትር ነበሩ፤ ይህን በቀብራቸውም ቀን አልደብቅላቸውም። ዛሬ ነገ ሲሉ በ2013 ሊዮኖራ በድንገት አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ዓሣውን ራሳቸው እያሳረሩ ይጠብሱ ጀመር። የተረጨውን አይጠርጉም፤ ድንጋዩ ጠቆረ። አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ “ኮንሶ፣ አሁን ነው ያማረበት። ለማን እንደሆነ እንጃ” ብለውኝ አለቀሱ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ሰኔ 11 ቀን 2024 በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ልጆቻቸው ሮሳሊንዳ፣ ቪሴንቴና ማርሴላ፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኔ እናዝንላቸዋለን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ተቀብሎ ከሊዮኖራ ጋር በአንድ ማዕድ ያስቀምጥልን፤ በገዛ ቤታቸው ሳይሆንላቸው የቀረው ይኸው ነው።