ስለ ኮትዎ የተሰጠ ምላሽ

ለተከበሩ የጠፉ ወታደሮች ጉዳይ ኃላፊ፣

በቅድሚያ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ከወረፋው ላይ ሆነን በመስኮትዎ አሻግረን እንደምናየው ክብደትዎም ሣቅዎም ስለጨመረ፣ ደህና መሆንዎን አንጠራጠርም። እኔ የተማሪ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር እናቴን ደግፌ የምመላለሰው ልጅ ነኝ። ከቢሮዎ ማዶ ያለችው ልብስ ስፌት ቤት የታላቅ ወንድሜ ናት። ለልጅዎ ሠርግ የሚለብሱትን ኮት ጀምሮልዎት ሳለ ነው ወደ ጦር ሜዳ የሄደው። ወንድሜን ቢረሱት እንኳ፣ ሾፌርዎን ደጋግመው መላክዎ ኮቱን እንዳልረሱት ያሳያል።

ስለ ኮቱ ከመመለሴ በፊት ግን ለተደረገልን መስተንግዶ ላመስግን።

1ኛ. እናቴ «ጌታዬ፣ ልጄ ሞቷል ወይስ ተማርኳል?» ብላ ስትጠይቅዎ «ሞቷልም አለም ማለት አንችልም» ስላሏት እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሊያጽናናት ሲመጣ «ምን ሆንኩና?» እያለች ትቆጣለች፤ ሊያጫውታት ሲሞክር ደግሞ ታለቅሳለች። እርም እንዳታወጣ ሞቱን፣ ተስፋ እንዳታደርግ መኖሩን ከለከሏት።

2ኛ. «እማማ፣ ማክሰኞ ይመለሱ» ስላሏት እናመሰግናለን። የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አልነገሯትም፤ ስለዚህ ሁሉንም መጣን።

3ኛ. የወንድሜ የጦር ጓደኛ በክራንች እየተደገፈ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ «እግሩን ቆስሎ፣ በሕይወት እያለ ጠላት መኪና ላይ ሲጭነው በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎዎት ነበር። «የዓይን ምስክር ብቻውን በቂ አይደለም» ብለው ቃሉን እንኳ ሳይቀበሉ ስለሸኙት ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ገና ቃል አላገኘሁም። የአማርኛ መምህሬም የሚያውቁት ቃል ሁሉ ለደብዳቤ የማይሆን ነው።

አሁን ወደ ኮትዎ እንመለስ። ጉዳዩን በከፍተኛ ትኩረት አጣርተናል። ኮትዎ ጠፍቷልም አለም ማለት አንችልም። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ግራ እጅጌው ሳይገጠም፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተሰቅሎ ነው። ሾፌርዎ «በበሩ ቀዳዳ በዓይኔ አይቻለሁ» ማለቱን ሰምተናል፤ የዓይን ምስክር ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በሠርጉ ዕለት እንግዶችዎ ኮቱ የት ደረሰ ብለው ቢጠይቁዎ «እየተጣራ ነው» ይበሏቸው። አንድ ሰው «አይዞዎት» ቢልዎ ያን ጊዜ እናቴን ያስታውሷታል። ሰው በሰፈረው ቁና መሰፈሩ አይቀርም።

የጓደኛውን ቃል ተቀብለው ወንድሜን ከምርኮኞቹ መካከል ያፈላልጉት። ሲመለስ እጅጌውን ራሱ ይገጥመዋል። እስከዚያው ይብረድዎ።

ለወንበርዎ ምቾት፣ ለመስኮትዎ ጥራትና ለጆሮዎ ድንቁርና ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣

የልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድም

ተጨማሪ፦ ኮቱን ከእናቴም ደብቄው ነበር። «የሰው አደራ ነው፣ ሌላ ሰፊ ይጨርሰውና እንስጣቸው» ብላ ቤቱን ስታምስ፣ ያለበትን እያወቅሁ ዝም ብዬ አየኋት። አንድ ከሰዓት እንኳ አልቻልኩትም፤ አውጥቼ ሰጠኋት። እርስዎ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻሉት? ለምን እንደደበቅሁት ስነግራት ጥፊ ስጠብቅ፣ ኮቱን በጥንቃቄ አጥፋ ትራሷ ሥር አስገባችና «ማክሰኞ ይመለሱ በላቸው» አለችኝ።