ስብሰባውን ወደ ባሕር ያወረዱት የማማ ኡማዚ ቼንጎ የሕይወት ታሪክ

ማማ ኡማዚ ቼንጎ ከአባታቸው ከባባ ቼንጎ ምዋሮና ከእናታቸው ከማማ ጁምዋ ካሪሳ፣ ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከማሊንዲ በስተደቡብ ባለችው በኪዳሩኒ መንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ተወለዱ። ቀኑ አልተጻፈም። እናታቸው ግን «ባሕሩ ርቆ የሸሸ ዕለት ነው፤ አዋላጇን ከባሕሩ ድንጋይ ላይ፣ ከሥራዋ ጠርተን ነው ያመጣናት» ይሉ ነበር።

በመንደሩ የሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። የቀረውን እናታቸው አስተማሯቸው፤ በወር ሁለቴ፣ ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ፣ ባሕሩ ሸሽቶ ከሥሩ ያለው የኮራል ድንጋይ ሲገለጥ፣ ኦክቶፐስን፣ ያን ስምንት ክንድ ያለውን የባሕር እንስሳ፣ በዘንግ ከየጉድጓዱ ማውጣትን። እጃቸው ከመፍጠኑ የተነሣ «ኦክቶፐሱ ኡማዚን ሲያይ ራሱ ይወጣል» እየተባለ ይቀለድ ነበር።

በ1970 ከጀልባ ሠሪው ከባባ ንጎዋ ዬሪ ጋር ተጋቡ። ሰባት ልጆች ወልደው አምስቱን ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ባባ ንጎዋ በ1996 ቀደሟቸው።

በ1998 በመንደሩ ፊት ለፊት የተሠራው ሆቴል ወደ ባሕሩ የሚያወርደውን መንገድ በአጥር ዘጋው። ሴቶቹ አንድ ሰዓት ዞረው ይሄዱ ጀመር። ባሕር ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ሲደርሱ ድንጋዩ ሊሸፈን ይቃረባል። ማማ ኡማዚ ዐሥራ አምስት ዓመት ደጅ ጠኑ፤ ሰሚ አላገኙም።

በ2013 የነዳጅ ፍለጋ መርከብ ከድንጋዩ ባሻገር መጥቶ ቆመ። ያን ጊዜ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዋንዴራ ተጨንቀው የማማ ኡማዚን ደጅ ረገጡ።

«ማማ፣ ነዳጅ የነካውን ባሕር ለማየት የሚመጣ ቱሪስት የለም። አብረን እንቃወም፤ ባሕሩ የጋራችን ነው።»

«የጋራችን? ከመቼ ወዲህ ልጄ?» አሉ ማማ ኡማዚ፣ ካሳቫቸውን እየላጡ። «አጥርህን አፍርስና ና፤ ያኔ እናወራለን።»

«እሱን የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው እኮ።»

«እንግዲያው ባለቤቶቹ ከመርከቡ ጋር ይታገሉ።»

በሳምንቱ አጥሩ ፈረሰ። መንገዱ ዳግም እንዳይዘጋም ማማ ኡማዚ የሆቴሉን ሰዎች በመንደሩ አለቃ ፊት አስፈረሟቸው።

የአውራጃው ባለሥልጣናት ስለ ነዳጅ ቁፋሮው የሕዝቡን ቃል የሚሰሙበትን ቀን ሲቆርጡ ጨረቃዋን አላዩም ነበርና፣ በ2014 መጋቢት፣ ባሕሩ እጅግ በሚሸሽበት ጠዋት ላይ ጣሉት። በዚያ ዕለት የኪዳሩኒ ሴት በቤቷ አትገኝም። ቀኑ ይለወጥልን ቢባል «ያልመጣ እንደተስማማ ይቆጠራል» የሚል መልስ መጣ። ማማ ኡማዚ ስልሳ ሴቶች አስከትለው፣ ዘንግ በትከሻ፣ ስብሰባው የተጠራበት አዳራሽ በር ላይ ቆሙ። «እኛ ሥራ ላይ ነን። ቃላችንን የሚፈልግ ይከተለን!» አሉና ወደ ባሕሩ ወረዱ።

ሰብሳቢዋ ሳቁ። «ሕጉ ሕዝብ ባለበት ይላል እንጂ አዳራሽ አይልም» ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሌላውም ሱሪውን እየሰበሰበ ተከተላቸው።

የነዳጅ ኩባንያው መሐንዲስ ዙሪያውን አይቶ «እዚህ ከድንጋይ በቀር ምንም የለም» አለ። ማማ ኡማዚ እግሩ ሥር ዘንጋቸውን ሰደዱ። ክንዳቸው ላይ እስከ ክርናቸው የተጠመጠመ ኦክቶፐስ አውጥተው «ይኸው ምንም የለም ያልከው! በል ሰላም በለው» አሉት። ከዚያ ሴቶቹ ተራ በተራ ጉድጓዳቸው ላይ ቆመው፣ በኦክቶፐስ ሽያጭ የትኛው ጉድጓድ የትኛውን ልጅ እንዳስተማረ ተናገሩ። የኩባንያው ጠበቃ ስለ ሥራ ዕድል ብዙ አለ። ውሃው ግን መመለስ ጀምሮ ነበር።

«ልጄ፣ አሳጥረው» አሉት ማማ ኡማዚ፤ «ባሕሩም ለመናገር ተራ ይዟል።»

ጸሐፊው መዝገቡን ራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ባለሥልጣናቱ በሴቶቹ እጅ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው ድረስ ርሰው ወጡ። ከስብሰባው በኋላ በአራተኛው ወር በኪዳሩኒ ፊት እንዳይቆፈር ተወሰነ። መርከቡ ሲሄድ መንደሩ፣ የሆቴሉ ወጥ ቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ፣ ዳር ወጥቶ በእልልታ ሸኘው።

ማማ ኡማዚ ከ2021 ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2023 በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። አምስት ልጆችን፣ ሃያ ሦስት የልጅ ልጆችንና አራት የልጅ ልጅ ልጆችን ትተዋል። ያለቀሳችሁ ሁሉ ዕንባችሁን ጥረጉ፤ ማማ ተሸንፈው አልሄዱም። ጌታ ነፍሳቸውን በደጉ ሰፈሩ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያስከፈቱትን መንገድ ከመዝጋት ይጠብቀን። አሜን።