ከፍራሽ ውስጥ የወጣ ብርድ ልብስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ይድረስ ለኮረፍሽው ባለቤቴ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የልጅ ልጃችን ጥርስ እንዳበቀለ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የነገረችኝ ግን ልጃችን ናት፤ አንቺ አይደለሽም። በደወልኩ ቁጥር «እማ ሕፃኑን እያጠበች ነው» ትለኛለች። ይህ ልጅ ምን ያህል ቢቆሽሽ ነው ቀኑን ሙሉ የሚታጠበው? ስልኩን እንደማትነኪው ስለገባኝ ወረቀት አነሣሁ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

አራሷን ልትንከባከቢ ስትሄጂ «አንድ ወር ብቻ» ነበር ያልሽው። ይኸው ልጁ ጥርስ አወጣ። የማትመለሺው በምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልገባውም ብለሽ እንዳታስቢ። በእነዚያ በሁለት ጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቆች ነው። ሻንጣሽን ልታዘጋጂ ጎንበስ ስትዪ አልጋው ሥር ባዶ ሆኖ አገኘሽው። «የት ሄዱ?» አልሽ፤ «ለፍራሽ ሠሪው ሰጠኋቸው» አልኩሽ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ሳትናገሪ ወጣሽ። ብትጮሂብኝ ይሻለኝ ነበር።

እስቲ አንቺው ፍረጂ። ሰው ቀኑን ሙሉ ስፌት ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲረግጥ ውሎ ቤቱም ገብቶ ጨርቅ መርገጥ አለበት? ከሱቁ የጠረግሽውን ሁሉ ለቅመሽ ታመጪውና ማታ አልጋዬ ሥር አገኘዋለሁ። ጫማዬን እንኳ የማስገባበት ቦታ አልነበረኝም። «ይሄን ነገር መቼ ነው የምትጨርሺው?» ስልሽ ደግሞ ትስቂያለሽ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ለማንኛውም ፍራሽ ሠሪው ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩት። አንደኛው ጆንያ እንዳለ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ሌላውስ ስለው ጥግ የቆመ ፍራሽ አሳየኝ።

«እዚያ ውስጥ ነው» አለኝ።

«አውጣልኝ።»

«ጋሼ፣ ተሰፍቶ አልቋል እኮ። ከፈለጉት ፍራሹን ይግዙኝ።»

ምን ላድርግ? የገዛ ቤቴን ጨርቅ በፍራሽ ዋጋ ገዝቼ፣ ጆንያውን በአንድ እጄ እየጎተትኩ፣ ፍራሹን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ በጠራራ ፀሐይ ተመለስኩ። ሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ጫማ ጠጋኝ ከተቀመጠበት ሆኖ «ሚስት ልታገባ ነው እንዴ?» አለኝ። ቆሽቴ አርሮ ነበር።

ፍራሹን ሱቁ መሀል ቀድጄ ዘረገፍኩት። ያ ሰነፍ እስሩን እንኳ ሳይፈታ ነው የጠቀጠቀው፤ እዚያ ላይ የሚተኛ ሰው ወገቡ አልቆለት ነበር። ሁሉም ቁርጥራጭ በትንሽ በትንሹ ተጠቅልሎ በራሱ ቅዳጅ ታስሯል። አንዳንዱ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት። እኔ ደግሞ ዝርክርክ ነገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። መቀሴን አንሥቼ እስሩን ሁሉ ቆራረጥኩትና በቀለም በቀለሙ ደረደርኩት።

ጨርሼ ላሳይሽ ብዬ ነበር የተነሣሁት። አንቺ አታውቂው ይሆናል እንጂ ጨርቅም ያልቃል። ከጥቃቅኖቹ የመርፌ መትከያና የካውያ መያዣ ሰፋሁ፣ ለልጁም ኳስ ሠራሁለት። ኳሱ አይንከባለልም፤ ድንች ነው የሚመስለው። ቢሆንም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ፣ አያትህ ነው የሰፋልህ በይው።

ትልልቆቹን ግን ለብርድ ልብስ ለየኋቸው። አንቺ እንዴት እንደምትሠሪ መቼም አይቻለሁ። ሜትር አትይዢም፣ ቁርጥራጩን አልጋው ላይ በትነሽ «ይሄ ከዚህ ጋር ተጣላ፣ ይሄ ታረቀ» እያልሽ ስትቀያይሪ ትውያለሽ። ሳይሽ ያንገሸግሸኝ ነበር። እኔ እንደ ወንድ ሙሉ ልብስ ነው የሠራሁት። አልጋችንን ለካሁ። እያንዳንዱን ቁራጭ በጠመኔ አሰመርኩት፣ አራት ማዕዘን አድርጌ ቆረጥኩት፣ ስፌቱን ሁሉ በካውያ ተጫንኩት።

እየሠራሁ ሳለሁ አንዳንዱን ጨርቅ አወቅኩት። ልጃችን ቀለም የደፋችበት የትምህርት ቤት ቀሚስ አለ። መጀመሪያ የሰፋሁልሽ አረንጓዴው ቀሚስ አለ፤ ያ ትከሻው ጠቦሽ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያልሽ የለበስሽው። ይህ በጣም አናደደኝ። «ትርፍራፊ ነው፣ ምን አስቸገረህ» አልሽኝ እንጂ እነዚህ መሆናቸውን መች ነገርሽኝ? ሰው ምን እንደሆነ ያላወቀውን ነገር ቢሰጥ ይፈረድበታል?

ሲያልቅ ብርድ ልብሱ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነበር። ሱቁ በር ላይ ሰቀልኩት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየ አለፈ፤ ጫማ ጠጋኙ እንኳ አፉን ዘጋ። ያኔ ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ ነበር። ግን የፍራሽ ቤት ሽታው አልለቀቀውም። እንዲህ ሆኖ አይላክም ብዬ አጠብኩት።

የሙሉ ልብስ ሰፊ አያጥብም፣ ይተኩሳል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጨርቅ የፈተንኩት በካውያ ነው፤ በካውያ ደግሞ ሁሉም ታዞልኝ ነበር። ከገመዱ ላይ ሳወርደው ግን ጉድ ፈላ። ግማሹ ቁራጭ ተኮማትሯል፣ ግማሹ እንደነበረ ቀርቶ በመሀሉ ተነፋፍቷል። ቀዩ ቀለሙን ለነጩ አካፍሎታል። የአረንጓዴው ቀሚስሽ ቁራጭ ደህና ነው። እሱ አልነቃነቅ ብሏል።

የልብስ ቁልፍ የምትሸጥልን ሴትዮ ገመዱ ሥር ቆማ አየችውና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ጋሽዬ፣ ሁለት ቋጠሮ ያለበትን ለብቻው ቀድመው አላጠቡትም?»

«የምን ሁለት ቋጠሮ?»

«አንድ ቋጠሮ የታሰረው ታጥቦ መኮማተሩን የጨረሰ ነው። ሁለት የታሰረው ገና ያልታጠበ። እትዬ አልነገሩዎትም?»

ቁልፍ ሻጯ የምታውቀውን እኔ፣ አልጋው ላይ የምተኛው ሰውዬ፣ አላውቅም። ለምን አልነገርሽኝም? «መች ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» ልትዪኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አትበዪኝ። ተናድጃለሁ፤ በአንቺም፣ በፍራሽ ሠሪውም፣ በራሴም።

አሁን የምጠይቅሽ ቁም ነገር ነው፣ መልስ ስጪኝ። ይህን ፈትቶ እንደገና መስፋት ይቻላል? የተነፋፋውን አጥብቤ ላስገባው ወይስ የተኮማተረውን ላውጣው? አንቺ ብታዪው በአንድ ዕይታ ታውቂዋለሽ። በደብዳቤ ደግሞ እንዲህ ነው ተብሎ አይገለጽም፣ በእጅ መያዝ አለበት። ልጃችን አሁን በርትታለች አሉ። ልጁም መቼም ታጥቦ ጠርቷል።

ሌላ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ። ሱቁን ስጠርግ የሚወጣውን ቁርጥራጭ መጣል አቅቶኛል። መጥረጊያውን ይዤ ደጃፍ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ጆንያው አሁን ግማሽ ደርሷል፤ አልጋው ሥር፣ በአንቺ በኩል ነው ያስቀመጥኩት። ሁሉንም በሁለት በሁለት ቋጠሮ አስሬዋለሁ። አልታጠበም፣ አልነካሁትም። ጫማዬን በር ላይ ማውለቅ ጀምሬያለሁ።

ለልጃችን ሰላም በይልኝ። ሕፃኑን ፈጣሪ በእናት ባባቱ እጅ ያሳድገው። ለአንቺም ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ መንገድ የሚያስኬድ ጉልበት ይስጥሽ።

ባልሽ፣ ልብስ ሰፊው

ስለ ብርድ ልብሱ ልነግርሽ የረሳሁት አለ። ትናንት አልጋችን ላይ አነጠፍኩት። ወደ አንቺ በኩል ስስበው የእኔ በኩል ይገለጣል፤ ወደ እኔ ስስበው የአንቺ ይገለጣል። ለአንድ ሰው ይበቃል። እኔ የለካሁት ግን ለሁለት ነበር።