በማሽላዬ ጉድጓድ ውስጥ ስለተገኘው የምድር ሙቀት

ለተከበሩ ጓድ የከርሰ ምድር ሙቀት ጥናት ቡድን መሪ
ቆቦ
ሰኔ 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ክቡር ጓድ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ከድንኳንዎ ደጅ የማይጠፋው የውሃ በርሜል ደህና ናቸው? እኔ አልሀምዱሊላህ፣ ከእህልና ከእንቅልፍ በቀር የጎደለኝ የለም። ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት፣ የሚያስፈጭ ሰው ጠፍቶ በሩ ሥራ ስለፈታ ነው። መጻፍ ያስተማረኝ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ስለሆነ ድፍረቱም የእኔ ብቻ እንዳይመስልዎ።

ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ) ሚያዝያ ላይ ሙቀት ለመለካት ያን ረጅም ብረት ጓሮዬ ሲተክሉ፣ ከሥሩ ለክረምት የቀበርኩት ማሽላ እንዳለ ሁለት ጊዜ በአክብሮት ነግሬዎት ነበር። እርስዎም አይዞዎት እናቴ፣ ከዚህ ሥር ያለው ሙቀት የአገር መብራት ነው ብለው አጽናኑኝ። ብረቱም የጉድጓዴን ክዳን በስቶ ገባ።

2ኛ) በሳምንቱ ዝናብ ጣለ፤ በቀዳዳውም ውሃ ወረደ። የረጠበ ማሽላ እንደሚግል የራያ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እርስዎ ግን ከዋጃ እስከ ጎብዬ በወጉት ምድር ሁሉ ከሠላሳ ያላለፈው ሙቀት በእኔ ጓሮ አርባ ሁለት መግባቱን አይተው እጅግ ተደሰቱ። ቦታዬን በካርታዎ ላይ ቀይ ቀቡልኝ፣ በሽቦ አጠሩልኝ፣ የቀበሌያችንን አብዮት ጥበቃ ታረቀኝን ከነጠመንጃው አቆሙልኝ። የገዛ እህሌን እንዳልሰርቅ ስላስጠበቁኝ አላህ ይስጥልኝ።

3ኛ) ሽታው! ታረቀኝ እንኳ የሚጠብቀው አፍንጫውን በኩታው ጫፍ ይዞ ነው። ባለሙያዎ ግን የድኝ ሽታ ነው ብሎ መዝግቦታል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኔ ግን መስከረምን የማየው ማሽላው ከተረፈ ነው።

ጓድ መሪ፣ መቀመጥ አቅቶኛል። በቀን አሥር ጊዜ ሽቦው ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። የላይኛው ቢበሰብስ የታችኛው ግማሽ ገና ሊተርፍ ይችላል፤ የሚተርፈው ግን ጉድጓዱ ዛሬ ከተከፈተ እንጂ እርስዎ ይምጣ ያሉት የመክፈቻ ፈቃድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከተጠበቀ አይደለም። ስድስት ልጆች አሉኝ። መብራቱ ለጊዜው ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ቢመጣስ ባዶ ገበታ ሊያሳየኝ ነው? ኧረ በአላህ፣ ሽቦውን ያንሱልኝ!

የክረምት ቀለቧን ለታላቁ ግኝትዎ ማገዶ ያደረገች፣
የቀዩ ነጥብ ባለቤት፣
አክባሪዎ ኡሙሃኒ ሰይድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ሙቀቱ አርባ ስድስት ገባ ብላችሁ ስታጨበጭቡ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ነገር ግን የሚበሰብሰው ሲያልቅ ይበርዳልና ከአሁኑ ልንገርዎት። ያን ጊዜ እህል አጥቶ ለቀዘቀዘ ምድጃ የሚቀባ ቀለም ከተረፈዎት፣ ካርታውን ከእኔ ቤት ይጀምሩ።