ከክርስትና አባትህ የገዛኸው መኪና

ወንድሜ ኤሊዩድ፣ እግዜር ባለህበት ያሳርፍህ። እማዬ አልጋህን አላነጠፈችም፤ ሌላ ሰውም እንዲነካው አትፈቅድም። እኔ ግን ተናድጄብሃለሁ።

ያገለገለ የውድድር መኪና ሲገዛ ምንጣፉ ተገልጦ ወለሉ እንደሚታይ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ያን መኪና የገዛህ ቀን ግን ምንጣፉን ልገልጠው ስል እጄን መታኸኝ።

«አንተ ባለጌ! የክርስትና አባቴን ሌባ ልታደርገው ነው?»

የክርስትና አባትህ ዶን ሲሎ ሳቀ። «ተወው፣ ልጁ መሐንዲስ ሆኖብናል!» ሞተሩን አስነስቶ አስጮኸልህ፤ አንተም በጩኸቱ ተሸነፍክ። ከሁለት የተጋጩ መኪኖች ግማሽ ግማሹን አስበይዶ እንደሸጠልህ ያወቅነው ውድድሩ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ መኪናው አንተን እንደያዘ ለሁለት ሲከፈል ነው።

ይኸው ሰው ትናንት ሬሳህን ተሸከመ። እማዬም አመሰገነችው! እኔም ታላቅን አታዋርድ ስላልከኝ ዝም አልኩ።

እባክህ፣ ዛሬ ላደረግኩት አትቆጣኝ። አንተን ከቀበርን በኋላ ስነቃ ይህ የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ዶን ሲሎ መኪና ወደሚሸጥበት ግቢ ሄድኩ። አንድ ወጣት ከእጮኛው ጋር ቀይ መኪና ሊገዛ ቆሟል። ዶን ሲሎ ለታላቅ ሰላምታ እንደ ልማዳችን «ይባርኩኝ» እስክለው ጠበቀ። አላልኩትም።

«ወንድሜን የገደለው ከዚህ ሰው የገዛው መኪና ነው» አልኩት ወጣቱን። «ትናንት ነው የቀበርነው። ወለሉን ሳታይ እንዳትገዛ።»

«አንተ ልጅ፣ ሐዘን አሳበደህ እንዴ? ወደ ቤትህ ሂድ!» አለኝ ዶን ሲሎ።

አልሄድኩም። የግቢው በር ላይ ቆሜ ለመጣው ገዢ ሁሉ ይህንኑ ነገርኩ።