ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባና የማይገባ

መጋቢት 10
ጠዋት የኮምፖስት ጉድጓዱን አገላበጥኩ። ውስጡ ሞቋል፤ እንፋሎት አለው። በዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ እኛ ሸራ ስር እየተንቀጠቀጥን እሱ ይሞቃል...
የመጠለያው ሴቶች ልጣጭ ይዘው መጡ። መጠየቅ ነው ሥራቸው። የሽንኩርት ልጣጭስ? ይገባል። አመድስ? ትንሽ፣ በእፍኝ። የባህር ዛፍ ቅጠል? አይገባም፣ ቶሎ አይበሰብስም። ሰናይት ልጇን አዝላ፣ "እኔስ ብገባ፣ እትዬ አዛለች?" አለች። አንቺ ገና ጥሬ ነሽ አልኳት። ሳቁ።
ለጉድጓዱ ከሁሉም የሚቀርበው የሷ ሸራ ነው። እስካሁን ሸተተኝ ብላ አታውቅም።

መጋቢት 24
ጋሽ ካሴን እበት ለመንኩት። መሬቱ የሱ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለችውን ቁራጭ ለጎመንና ለድንች ሰጥቶናል።
"መሬት ሰጠሁ፣ እበትም ልጨምር? ሚስቴ ምን ታንድድ?"
እውነቱን ነው። እዚህ እበት ማለት ኩበት ነው። ወለጋ እያለን ማንም አይሰስተውም ነበር...
ላስቀይመው አልፈልግም። መሬቱን ቢነሳን ከእርዳታ ስንዴ ሌላ የምንበላው የለም።

ሚያዝያ 12
ፋሲካ። አንድ በሬ ተሰጠን። ያረደው ገብረአብ ነው፤ ወለጋም ሳለን የሰፈሩን ቅርጫ እሱ ነበር የሚያከፋፍለው። ልጆቹ ጠግበው ተኙ።

ሚያዝያ 14
ጉድጓዱ ተዝረክርኮ አደረ። አንጀት፣ ፈርስ፣ አጥንት... ማን ጨመረው? የሰናይት ሸራ በጎኑ ተቀድዷል። በጥርስ ነው።
"ሲተነፍስ ሰማሁት" አለች። ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛዋለች፤ አታወርደውም።
ካሴ የጅቡን ዱካ ከበጎቹ በረት ጀምሮ ተከትሎ መጣ። "እሑድ እመጣለሁ። አሁንም የሚመላለስ ከሆነ መሬቴን እወስዳለሁ። ገብስ እዘራበታለሁ።"
"ጋሽ ካሴ፣ ለበጎችህ ከሆነ..."
"የምን በግ! ይቺ ልጅ ያቀፈች አትታይሽም?"
ትታየኛለች።

ሚያዝያ 15
ገብረአብ ነው። ስጠይቀው አልካደም።
"የሚበሰብስ ሁሉ አፈር ይሆናል ያልሽው አንቺ ነሽ።"
"አንጀት አላልኩም።"
"አይገባም ብለሻል?"
አላልኩም። ስለ አመድ ጠይቀውኛል፣ ስለ ቅጠል ጠይቀውኛል። ስለ ሥጋ ማንም አልጠየቀኝም። በሁዳዴ ሥጋ ከየት ይመጣል? እኔም አልታሰበኝም።
"በል ዶማ ያዝ" አልኩት።

ሚያዝያ 16
ስንዝቅ ዋልን። የሸተተውን ሁሉ ወንዝ ተሻግረን፣ ጥልቅ አድርገን ቆፍረን ቀበርነው። ድንጋይ ከመርንበት። ገብረአብ እያስመለሰው ቆፈረ። "ስንት በሬ አርጄ እንዲህ ሸቶኝ አያውቅም" ይላል። ይሽተተው።
በጉድጓዱ የቀረውን በገለባና በአፈር ሸፈንኩት። ዙሪያውን አመድ ነሰነስኩ። ከመጣ ዱካው ይታያል።
ሰናይትን ሌላ ሸራ ሄደሽ እደሪ አልናት። "የት? ሁሉም ሞልቷል።"

ሚያዝያ 17
ዱካ የለም።

ሚያዝያ 18
ዱካ አለ። ትንሽ ነው... ውሻ ይመስለኛል። ገብረአብም ውሻ ነው አለ። ውሻ ስለሆነ ነው ወይስ ውሻ እንዲሆን ስለፈለግን?

ሚያዝያ 19
የጅብ ነው። ትልቅ። አመዱ ላይ ቁልጭ ብሏል።
ገብረአብ መጥረጊያ ይዞ መጣ። "ካሴ ከቅዳሴ ሳይመለስ ላጥፋው።"
"ተው።"
"መሬቱ ይሄዳል፣ አዛለች!"
ድንቹን አየሁት። ሊያብብ ነው። ከዚያ የተጣፈውን ሸራ አየሁ። ዱካውን ብናጠፋው ሰናይት ጅቡ ቀረ ብላ ተዝናንታ ትተኛለች። መጥረጊያውን ቀማሁት።
ካሴ መጣ። ጎንበስ አለ። ዱካውን ተከትሎ ጉድጓዱን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ።
"መጥቷል። አሽትቶ ሄዷል። አልጫረም።" ከዚያ መጥረጊያውን እጄ ላይ አየና፣ "ለምን አልጠረጋችሁትም?"
"ልጅ አለ" አልኩ።
ወደ ሰናይት ሸራ ዞሮ አየ። "ጉድጓዱ እዚህ አያድርም። አጥሬ ውስጥ ይቆፈር፤ ውሻ አለኝ። በሩን የምከፍተው ግን እኔ ነኝ። ከኮምፖስቱም ግማሹ የኔ ነው።"
"መሬቱስ?"
"እንግዲህ ጎመናችሁን ብሉ።"
ግማሹን! ገብረአብ ሊከራከር አፉን ከፈተ። በክርኔ ጎሸምኩት። ተስማማሁ።

ሰኔ 3
ካሴ በሩን የሚከፍተው ሲሻው ነው። ትናንት ልጣጭ ተሸክመን ደጁ ላይ ቆመን ቆመን ተመለስን። ዛሬ ከፈተ። እበትም መጨመር ጀምሯል፤ ግማሹ የሱ አይደል? ሚስቱ አኩርፋለች።
ጅቡ ወደ ሸራዎቹ አልተመለሰም። ሰናይት ግን አሁንም ሌሊት አትተኛም። ቀን ቁጭ ባለችበት ታንቀላፋለች።
የሐዋርያት ጾም ትናንት ገባ። ሴቶቹ ወደ ካሴ ግቢ ሲገቡ በሩ ላይ ቆሜ ለእያንዳንዳቸው ነገርኳቸው። ሥጋ አይገባም። አጥንት አይገባም። አንጀት አይገባም።
"በጾም፣ እትዬ?" አለች ሰናይት።
"በጾም።"