ጨፌውን ሳልጎዳ

ረቡዕ
አባዬ ቁልፉን ጨፌው ላይ ጣለው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ! የደብሩ ገበዝ እሱ ነው፤ ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ ጥላው ሁሉ እዚያ ተቆልፎበታል። እሑድ ደግሞ የሚካኤል ንግሥ ነው። ሣር ሲያጭድ ከኪሱ ሾልኮ፣ ከብት ረግጦ ጭቃ ውስጥ ሳያስገባው አልቀረም። ካልተገኘ ያ የጥንት በር በመጥረቢያ ሊሰበር ነው። "በእኔ ጊዜ!" አለ በስልክ ደጋግሞ፤ አንጀቴን በላኝ። የሬዲዮና ሞባይል ጥገና ሱቄን ዘግቼ፣ ብረት ፈላጊ መሣሪያዬን ይዤ ከማርቆስ ወደ አባዬ መንደር፣ ወደ አምበር። "የማይረባ ዕቃ ገዛሽ" ሲለኝ የኖረው ራሱ ነበር። አላነሣሁበትም።

ሐሙስ
አያ ደሴ ከለከሉኝ። የመንደሩን ጨፌ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። አምና ወርቅ ፈላጊዎች ሳይደፍኑት በሄዱት ጉድጓድ የእሳቸው በሬ እግሩ ተሰብሮ ታረደ። "ሁለተኛ በዚህ ጨፌ ጉድጓድ አላይም!" እውነታቸውን ነው። እኔም ግትር ነኝ፤ "እንደነበረ መልሼ ካላስረከብኩዎት የፈለጉትን ይቅጡኝ" አልኩ።

"እስቲ መጀመሪያ በጓሯችሁ ሣር ላይ ሞክሪ። ላማችሁ ትፍረድ" አሉኝ።

ሞከርኩ። ላሟ የደፈንኩትን ሣር ከነአፈሩ ነቅላ አነሣችው! አያ ደሴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ተቃጠልኩ። ጥፋቴ ግን ገብቶኛል፤ ሣሩን በስሱ ነው የላጥኩት። ሥሩ ተቆርጦ ምን ይያዝ?

ዓርብ
ዛሬ ካልተገኘ አለቀ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ በሰንበት መሬት የሚቆፍር የለም።

ማልጄ ደገምኩት፦
አካፋውን ቀጥ አድርጎ ከሥሩ በታች ማውረድ።
ሦስት ጎን ብቻ መቁረጥ፤ አራተኛው እንደ በር ማጠፊያ ይቆይ።
አፈሩን ማዳበሪያ ከረጢት ላይ እንጂ ሣሩ ላይ አለማፍሰስ።
መልሶ ጠቅጠቅ፤ ውኃ።

ላሟ ጎተተች። ሣሩ ተበጠሰ እንጂ አልተነቀለም! አያ ደሴ ጎንበስ ብለው በእጃቸውም ሞከሩት። "በይ ግቢ" አሉኝ።

ቆርኪ። ሚስማር። የማረሻ ስባሪ። ለእያንዳንዱ ከፈትኩ፣ ከደንኩ። ወገቤ! አባዬ ዳዊቱን እየደገመ ከኋላዬ ይከተላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከብቶቹ ከሚጠጡበት ዳር መሣሪያው ጮኸ። ብረት እንዳይነካው በእንጨት ፈለፈልኩ። ቁልፉ! አባዬ ቁልፉን ሳመ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ መሣሪያውን። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ቅዳሜ
በሩ በቁልፉ ተከፈተ። አባዬ ላገኘው ሰው ሁሉ "የእኔ ልጅ እኮ ናት" ይላል፤ ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ከሰዓት አያ ደሴ ጨፌውን በዱላቸው እየነካኩ ሲዞሩ ደረስኩ። "የቱ ጋ ነው የቆፈርሽው?" ላሳያቸው ወረድኩ። ወዲያ አልኩ፣ ወዲህ አልኩ፤ እኔም ጠፋብኝ! ሣሩ በሳምንቱ ይደርቅ ይሆናል፣ እንጃ። እሳቸው ግን አዲሱን በሬያቸውን ፈትተው ለቀቁት። በሬው ጨፌውን አቋርጦ ሲሄድ እግሩን እንኳ አላዩም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ስለ ንግሡ ያወሩኝ ነበር።